ሳይክሉን ግድግዳው ይሸከመው ወይስ ወለሉ? በጠባብ የኪራይ ክፍል የሳይክል ማቆሚያ ስለ መምረጥ



የዛሬው ጽሑፋችን ከካምፓስ ውጭ ክፍል ተከራይተው ለሚኖሩና ሳይክል ላላቸው ተማሪዎች ነው። ሳይክል ለመግዛት ያሰባችሁም ብታነቡት አትጎዱም። ብዙዎቻችን ስለ ሳይክሉ ዋጋ፣ ስለ ማርሹና ስለ ጎማው ለሳምንታት እንጠይቃለን፤ ማታ የት እንደሚያድር ግን የምናስበው ገዝተነው ቤት በር ላይ ስንደርስ ነው።

ባሕር ዳር ለሳይክል የምትመች ከተማ መሆኗን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። መንገዷ ሜዳ ነው። ከፔዳ ወደ ፖሊ ለሚመላለስ ተማሪ፣ በየቀኑ ለባጃጅ የሚወጣው ገንዘብ ተጠራቅሞ ሲታይ ሳይክል ቅንጦት አይደለም። ታዲያ ይህን ያህል የምንደገፍበትን ዕቃ ውጭ ማሳደር ይከብዳል። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ሰንሰለቱን በጥቂት ቀናት ያዝገዋል። ሌባውም አለ። እኛ ግቢ ውስጥ ከዛፍ ጋር በሰንሰለት ታስሮ ካደረ ሳይክል ላይ ኮርቻው ብቻ ተነቅሎ ሄዷል። ባለቤቱ ወንድማችን በማግስቱ ከቤት እስከ ካምፓስ ቆሞ ነው የነዳው። ከዚያ በኋላ ሳይክሎቻችን ክፍል ውስጥ ገቡ፤ ችግሩም አብሮ ገባ።

ክፍላችን 3 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል ነው። ሦስት ሰዎች እንኖርበታለን፣ ሁለት ሳይክሎች አሉን። አንድ ባለ 26 ኢንች ሳይክል ወለል ላይ ሲቆም ርዝመቱ 1 ሜትር ከ75፣ በመሪው በኩል ስፋቱ 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ከ2 ካሬ ሜትር በላይ ይይዛሉ፤ ከክፍሉ አንድ አምስተኛ በላይ ማለት ነው። ሦስት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ ለመስገድ ደግሞ 1 ሜትር ከ80 በ1 ሜትር ከ20 የሆነ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ሁለቱ ሳይክሎች በገቡበት ሳምንት ሁለታችን ስንሰግድ ሦስተኛው ተራ ይጠብቅ ነበር። ነገሩን እንደ ምሕንድስና ጥያቄ መያዝ የጀመርነው ያኔ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን መጀመሪያ የያዝነው በስህተት ነበር።

ስህተታችን ይህ ነው። የጠበበን ወለሉ ስለሆነ መፍትሔው ከወለሉ ማንሳት መሰለን። ከአንድ ሱቅ ሁለት ክንድ ያለው፣ ሳይክሉን በላይኛው ብረቱ አግድም የሚሰቅል መስቀያ ገዛን። ትራፓኖ ተውሰን ግድግዳውን በሳን፤ ፊሸር ከትተን በብሎን አሰርነው። ሳይክሉ ከፍራሽ በላይ ተሰቀለ፤ ክፍሉም ሰፋ። ጓደኞቻችን እየመጡ አይተው አደነቁ። እኛም በክፍል የተማርነውን በተግባር ያዋልን መስሎን ደስ አለን።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጎሕ ሳይቀድ ሳይክሉ ከነመስቀያው ወደቀ። የወደቀው ፍራሹ ላይ ነው። በፍራሹ ላይ የሚተኛው ወንድማችን ለፈጅር ውዱእ ሊያደርግ ወጥቶ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ። ፔዳሉ ያረፈው ትራሱ ላይ ነበር። የቤቱ ባለቤት እማማ በድምፁ ደንግጠው መጡና ከበሩ ላይ ቆመው፣ «ልጆቼ፣ ተርፋችኋል? ጣሪያው ነው?» አሉ። ደህና መሆናችንን ካዩ በኋላ ዓይናቸው ወደ ግድግዳው ሄደ። የሳህን ያህል ስፋት ያለው ልስን ተገንጥሎ ብሎኬቱ ይታይ ነበር። ስንበሳ ኢዝን አልጠየቅናቸውም። እሳቸው ምንም አላሉንም፤ ዝምታቸው ግን ከቁጣ ይከብድ ነበር። የልስኑን ማሠሪያ ከፍለናል፤ ነገር ግን የሰው ግድግዳ የሰው ሐቅ መሆኑን ማስታወስ የነበረብን ከመብሳታችን በፊት ነው።

መስቀያው ለምን ወደቀ?

ሱቁን መውቀስ ቀላል ነው። መስቀያው ላይ እስከ 30 ኪሎ ይሸከማል የሚል ተጽፎበታል፤ ሳይክላችን 18 ኪሎ ነው። ብረቱም አልተሰበረም፤ ስናነሳው እንደ ነበረ ነው። የተነቀለው ከግድግዳው ነው። መስቀያው የሚሸከመውና ግድግዳው የሚሸከመው የተለያየ ነገር ነው፤ በዕቃው ላይ የተጻፈው ቁጥር ስለ እናንተ ግድግዳ ምንም አይናገርም።

ሒሳቡን በአንደኛ ዓመት ከተማርነው ስታቲክስ እናውጣው። አግድም የተሰቀለ ሳይክል ወደ ግድግዳው እንደ ልብ አይጠጋም፤ መሪው ይከለክለዋል። ስለዚህ ክብደቱ ከግድግዳው 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ይንጠለጠላል። ክብደቱ ወደ ታች ብቻ አይጎትትም፤ መስቀያውን እንደ ሚስማር መንቀያ ወደ ውጭ ይገለብጠዋል። ግልበጣውን የሚቋቋሙት የላይኛዎቹ ብሎኖች ናቸው። የእኛ መስቀያ ከላይኛው ብሎን እስከ ታችኛው ጠርዝ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። 18 ኪሎን በ35 አባዝተን ለ10 ስናካፍለው 63 ኪሎ ይመጣል። የ18 ኪሎ ሳይክል የላይኛዎቹን ብሎኖች በ63 ኪሎ ኃይል ከግድግዳው ይመዝዛቸው ነበር ማለት ነው። የመስቀያው ቁመት 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ኖሮ ይኸው ኃይል ወደ 21 ኪሎ ይወርድ ነበር። በሱቅ ስትመርጡ የክንዱን ውፍረት ሳይሆን ግድግዳው ላይ የሚያርፈውን ክፍል ቁመት ለኩ የምንለው ለዚህ ነው።

ይህ ሳይክሉ ጸጥ ብሎ ሲንጠለጠል ነው። ማታ ደክሞን ስንሰቅለው ግን ክንዱ ላይ ጥለን እንለቀዋለን። በድንገት የተለቀቀ ክብደት የሚፈጥረው ኃይል ከጸጥተኛው እጥፍ ይደርሳል። 63 የነበረው 126 ሆነ፤ ያውም በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። ፊሸሩ በአንድ ቀን አልተነቀለም። በየቀኑ በጥቂቱ ሲላላ ቆይቶ ነው የለቀቀው።

ግድግዳውን ማወቅ

አሁን ወደ ግድግዳው እንምጣ። በከተማችን የምንከራያቸው ክፍሎች አብዛኞቹ በብሎኬት ወይም በጭቃ የተሠሩ ናቸው። ብሎኬት ጠንካራ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ክፍት ነው። ትራፓኖው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከበሳ በኋላ ድንገት ወደ ውስጥ ሲሰምጥ ከተሰማችሁ ክፍተቱ ውስጥ ገብታችኋል። ተራ ፊሸር የሚይዘው ዙሪያውን ተጭኖ ስለሆነ ባዶ ቦታ ውስጥ የሚጫነው ነገር የለም፤ የሚይዘው ያችን ስስ የብሎኬት ቆዳና ልስኑን ብቻ ነው። የእኛ የሆነው ይኸው ነው።

የጭቃ ግድግዳ ሌላ ነገር ነው። በመሐሉ የቆመው እንጨት ጥሩ ሸክም ይችላል፤ ጭቃው ግን ሚስማር እንኳ በቅጡ አይዝም። ግድግዳውን በጣት መገጣጠሚያ እያንኳኳችሁ ስትሄዱ ድምፁ የሚለወጥበት ቦታ እንጨቱ ነው። ብሎኑ እንጨቱን ካላገኘ ባይበሳ ይሻላል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ በአንዳንዱ የውስጥ መከፋፈያው ከአግሮስቶን የተሠራ ስስ ሰሌዳ ነው፤ ሳይክል የሚሰቀልበት አይደለም። በኮንዶሚኒየም አስተማማኙ ቦታ የአርማታ ኮለኑና ቢሙ ነው። ስታንኳኩት ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ ትራፓኖውም እየታገለ ይገባል። በኮለን ላይ በትክክል የታሰረ መስቀያ የሳይክል ክብደት አያስጨንቀውም። የቤቱ ባለቤት ከፈቀደ ማለታችን ነው።

ከወለል እስከ ጣሪያ ተወጥሮ የሚቆም ምሰሶም አለ፤ ውጭ አገር ትናንሽ አፓርታማዎች ውስጥ በጣም የተለመደ ነው። መብሳት አይፈልግም። ነገር ግን የሚቆመው ጣሪያውን በመግፋት ስለሆነ ከላይ የአርማታ ጣሪያ ያስፈልገዋል። አብዛኞቻችን ከላያችን ያለው ኮርኒስ ነው፤ ምሰሶው ኮርኒሱን ቀዶ ይወጣል። ኮንዶሚኒየም ውስጥም ቢሆን የመጨረሻው ፎቅ ላይ ያላችሁ ብዙውን ጊዜ ከቆርቆሮ በታች ያለ ኮርኒስ ነው ያላችሁ፤ መጀመሪያ አረጋግጡ። በገመድና በመዘውር ወደ ጣሪያ የሚጎተተውን ዓይነት ደግሞ በተከራየነው ክፍል እንዳትሞክሩት፤ ሌላ የምንለው የለንም።

ወለሉ ይሸከመው

ከዚያ ሌሊት በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ሳይክሎቹ እንደገና ወለሉን ያዙት። መፍትሔውን ያገኘነው አንደኛችን የመድረሳ ጊዜውን ሲያወራ ነው። ትንንሽ ልጆች ሳለን ቀርተን ስንጨርስ ሉሓችንን ግድግዳ ላይ አንሰቅልም ነበር። እግሩን መሬት ላይ አድርገን ጫፉን ከግድግዳው ጋር እናስደግፈዋለን። ሃያ ሠላሳ ሉሕ ተደርድሮ ያድራል፤ አንድም ሚስማር የለም። ክብደቱን መሬቱ ይችላል፤ ግድግዳው የሚያደርገው እንዳይወድቅ መያዝ ብቻ ነው።

ሳይክልም በኋላ ጎማው ቀጥ ብሎ ሊቆም ይችላል። የፊት ጎማው ወደ ላይ፣ ሁለቱም ጎማዎች ወደ ግድግዳው ይሆናሉ። በዚህ አቋሙ 18ቱም ኪሎ የሚያርፈው በሊሾው ላይ ነው። የቀረው ወደ ክፍሉ እንዳይገለበጥ መያዝ ነው። ይህ ምን ያህል ኃይል ይፈልጋል? የሳይክላችንን የክብደት ማዕከል ለማግኘት በገመድ ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች አንጠልጥለን ቱንቢ ጣልንበት። ሳይክሉ ሲቆም ማዕከሉ የኋላ ጎማው ወለሉን ከሚነካበት ነጥብ 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ክፍሉ ወጣ ብሎ ነው የሚገኘው። የፊት ጎማው የሚያዝበት ቦታ ደግሞ፣ የኋላ ጎማው ግድግዳውን ከሚነካበት ነጥብ በ1 ሜትር ከ30 ያህል ከፍ ይላል። 18ን በ22 አባዝተን ለ130 ስናካፍል 3 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ያው ሳይክል፣ ያው ክፍል፣ ከ63 ኪሎ ወደ 3 ኪሎ።

3 ኪሎ እንኳን ብሎን፣ የመስኮት ብረት ላይ የታሰረ ጠንካራ ገመድም ይችለዋል። እኛ ግን እማማን እንደገና ግድግዳ ልንበሳ ነው ለማለት ፊት ስላልነበረን፣ ግድግዳውን ጨርሶ የማይነካ አሠራን። ንድፉን ይዘን ብየዳ ቤት ሄድን። አሠራሩ እንዲህ ነው። 4 በ4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቱቦላሬ 1 ሜትር ከ60 ቁመት ያለው ምሰሶ ይቆማል። ከሥሩ 45 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው ወደ ክፍሉ የሚዘረጉ ሁለት እግሮች አሉት፤ እያንዳንዱ 75 ሴንቲ ሜትር ነው። የእግሮቹ ርዝመት ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። የጎማው ግማሽ ስፋት 33 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያ 22 ሲጨመር ክብደቱ ከምሰሶው 55 ሴንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። እግሩ ከ55 ካነሰ ሳይክሉ ማቆሚያውን ይዞት ይገለበጣል፤ 75 ሲሆን ግን ሳይክሉ ራሱ በክብደቱ ማቆሚያውን ወለሉ ላይ ተጭኖ ይይዘዋል። በእግሮቹ መሐል የኋላ ጎማው የሚቆምበት ላሜራ ተበየደ። ምሰሶውና እግሮቹ በሚገናኙበት ቦታ አንድ አጭር የማጠንከሪያ ብረት በሰያፍ ገብቷል፤ እሷ ከሌለች ብየዳው በጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል። ከላይ ከባለ 10 ፌሮ የተጠማዘዘ፣ ጎማውን በሁለት በኩል የሚያቅፍ ሹካ አለ። የሹካው ክፍተት 7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጎማችን 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ስላለው ሳይታገል ይገባል። ፌሮው ጎማውን እንዳይልጥ ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ተጠቅልሏል።

ለአንዱ ማቆሚያ 4 ሜትር ተኩል ያህል ቱቦላሬ ይበቃል። ብረቱ የሚሸጠው በ6 ሜትር ስለሆነ ለሁለቱ ሁለት ገዛን፤ ከተረፈው 3 ሜትር በር ላይ የጫማ መደርደሪያ ሆኗል። በያጁ መጀመሪያ ንድፉን አይቶ ሳቀ። «ይሄን በአንድ መንጠቆ ትገላገሉት የለም እንዴ?» አለን። የልስኑን ታሪክ ስንነግረው እግሮቹን ራሱ በሜትር ደግሞ ለክቶ ቆረጠልን።

በዚህ አቋም እያንዳንዱ ሳይክል 65 ሴንቲ ሜትር የግድግዳ ስፋትና 1 ሜትር ገደማ ጥልቀት ይይዛል። ሁለቱ አንድ ላይ 1.4 ካሬ ሜትር አይሞሉም። ከግድግዳ መስቀያ ጋር ሲነጻጸር ቦታ አይቆጥብም፤ ይህን መደበቅ አንፈልግም። ነገር ግን የወለሉ መሐል ተለቀቀልን፣ ሦስታችንም አብረን እንሰግዳለን። ከራሳችን በላይ የተንጠለጠለ ብረትም የለም።

ለእህቶች፣ ለኮንዶሚኒየም ነዋሪዎችና ለሌሎች

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ያማከርናቸው እህቶች አንድ ነገር አስታወሱን። የግድግዳ መስቀያ ሲታሰብ ሁልጊዜ የሚረሳው ማን ያነሳዋል የሚለው ነው። 18 ኪሎ ብረት ከደረት በላይ ማንሳት ለብዙ ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ በየቀኑ የሚደረግ ሥራ አይደለም። በኋላ ጎማ የሚቆመው ዓይነት ግን ማንሳት አይባልም። ከሳይክሉ ጎን ትቆማላችሁ፤ የኋላውን ፍሬን ትይዙና መሪውን ወደ ላይ ትስባላችሁ። የምታነሱት ከፊት ያለውን ድርሻ ብቻ ስለሆነ ከግማሽ በታች ነው። ቀጥ ካለ በኋላ ፍሬኑን ለቃችሁ በኋላ ጎማው እያንከባለላችሁ ወደ ሹካው ታስገቡታላችሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሞከረ ረጅም ልብስ ለለበሰም አያስቸግርም።

ኮንዶሚኒየም ያላችሁ፣ ሳይክሉን ደረጃው ላይ ወይም በኮሪደሩ ማሳደር ይቀላል፤ ብዙዎች ያደርጉታል። እኛ አናበረታታም። ኮሪደሩ የጎረቤት ሁሉ መንገድ ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ ሽማግሌ ይሰናከልበታል፤ እሳት ቢነሳ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚሮጠው በዚያች ጠባብ መንገድ ነው። በጋራ ግቢም እንደዚያው። ቤታችን ጠበበ ብለን የሌላውን መንገድ ማጥበብ አይገባም።

ወለሉን ከማጥበብ ይልቅ ገንዘብ መቆጠብ የሚሻለው ደግሞ የኋላ ጎማውን ብቻ ይዞ ሳይክሉን እንደ ወትሮው አግድም የሚያቆመውን ትንሽ ማቆሚያ ያሠራ። ርካሽ ነው፤ የትኛውም ግድግዳ አያሳስበውም። ቦታ ግን አይቀንስም። አንድ ሳይክል ላለውና ብቻውን ለሚኖር ተማሪ ይበቃዋል።

ከማሠራታችሁ በፊት ሁሉንም በራሳችሁ ሳይክል ለኩ፤ የእኛን ቁጥር አትውሰዱ። ባለ 28 ኢንቹ የድሮ ሳይክል ይረዝማል፣ ይከብዳልም። ክብደቱን ለማወቅ የሰው ሚዛን ይበቃል። ሳይክሉን ተሸክማችሁ ትመዘናላችሁ፤ ከዚያ ብቻችሁን ትመዘኑና ትቀንሳላችሁ። በሩ ሲከፈት እስከ የት እንደሚመጣም ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምሩ። እኛ ይህን ረስተን የመጀመሪያው ማቆሚያ በመጣ ቀን በሩ ግማሽ ብቻ ተከፈተ።

የየትኛው ጥግ ነገርም አለ። ከክፍሉ ወደ ግድግዳው ስታዩ ሰንሰለቱ ያለበት ጎን በቀኛችሁ ይሆናል። ስለዚህ ቀኝ ጥግ ላይ ካቆማችሁት ሰንሰለቱ ከጎን ግድግዳው ጋር ይፋጠጣል፤ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ የሚያልፈውን ሰው ቅባት አይነካውም። የእኛ ሁለተኛው ሳይክል ግራ ጥግ ስለሆነ ሰንሰለቱን በአሮጌ ጨርቅ እንሸፍነዋለን።

በክረምት ደግሞ ሳይክሉ ከነጭቃው ነው የሚገባው። ቀጥ ብሎ ሲቆም ውኃው ሁሉ ወደ ታች፣ ወደ ኋላ ጎማው ይወርዳል። ይህ አንድ ጥቅሙ ነው፤ ከሥሩ አንድ ዝርግ የፕላስቲክ ሳፋ ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል። በሩ ላይ ጎማውን በጨርቅ ጠረግ አድርገን እናስገባዋለን። ጭቃ በራሱ ነጃሳ ባይሆንም ከመንገድ ምን ይዞ እንደመጣ አናውቅም፤ የምንሰግደው ደግሞ እዚያው ክፍል ነው። መስገጃችንን ከሳይክሎቹ በተቃራኒው ግድግዳ በኩል አጥፈን እናስቀምጣለን።

ቤት ውስጥ ስለገባ ብቻ ቁልፍ አይተው። የሳይክሉን ሰንሰለት ቁልፍ በፍሬሙና በመስኮቱ ብረት መሐል እናስገባዋለን። ከስርቆት ይጠብቃል፤ ሰው ተደናቅፎ ቢገፋውም ሳይክሉ እንዳይወድቅ ይይዘዋል። የፊት ጎማው ወደ ጎን እንዳይዞርም መሪውን ከምሰሶው ጋር በአንድ አጭር ማሰሪያ ጠፍሩት። ያለዚያ መሪው በራሱ ይዞርና ሌሊት ሰው ያስደነግጣል፤ አንድ ጊዜ ከተደናገጠ ክፍል ደግሞ እንቅልፍ ይርቃል።

የማቆሚያውን ንድፍ ከነልኬቱ በእጅ የሣልነው ወረቀት አለን። የሚፈልግ ወንድም ወይም እህት በጀመዓው በኩል ቢጠይቅ ኮፒ እንሰጣለን። ወደ ብየዳ ቤት ስትሄዱ ሳይክላችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ እግሮቹ ከመበየዳቸው በፊት አንድ ጊዜ አቁማችሁ ሞክሩት።